አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ

1.
የመላጊያ ማሽኑ ማርሽ ሁለት ቦታ አለው። "1" የተጻፈበት በኩል ቀለሙ ገና አዲስ ነው። በሌላው በኩል ቁጥሩ ራሱ በእጅ ብዛት ጠፍቷል። ባለቤቱን ጠየቅኩት።

"እኛ ቤት ሁሌም በአንድ ነው" አለኝ።

2.
ለማያውቅ፦ ማሽኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍጥነት አለ። ቢላዎቹ የታሰሩበት ከበሮ ይዞራል። ሮለሮቹ ጣውላውን ይስባሉ። የከበሮው ዙር አይቀየርም፤ ማርሹ የሚቀይረው የሮለሮቹን ብቻ ነው፤ አንድ ዝግተኛው፣ ሁለት ፈጣኑ። ትልቁ ጩኸት የሚመጣው ከከበሮው ነው። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ በጆሮው የሚቆጣጠር ደንበኛ የሚያዳምጠው የማይቀየረውን ነው።

ደንበኛው ግን ያዳምጣል። "አሁን ጥሩ ያዘ" ይላል።

3.
"ልጄ፣ ቀስ አድርገህ ላግልኝ" አሉ አንዲት እናት።

"ችግር የለም እማማ።"

ማሽኒስቱ ማርሹን አልነካውም። ጣውላውን በወዲያ በኩል ለመቀበል የሚሄድበትን እርምጃ ግን ቀነሰ። እናትየዋ መረቁት።

4.
ሒሳቡ ሰሌዳ ላይ ቀላል ነው። ከበሮው በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ቢላው 4 ነው። በደቂቃ 20,000 ጊዜ ይቆርጣል። ሮለሩ በደቂቃ 20 ሜትር ቢስብ፣ ከአንዱ ቁርጥ እስከ ሌላው 1 ሚሊሜትር ነው። 6 ሜትር ቢስብ 0.3 ሚሊሜትር ነው። ለቤት ዕቃ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ጥሩ ነው ይባላል። በሒሳቡ ከሄድን ፈጣኑም ያምራል።

ይህን ሰሌዳ ላይ የጻፈው የሙያ መምህር ማሽኑ አጠገቡ ቆሟል። ቀበቶ እየተጠበቀለት ነው። ተማሪዎቹ ቀመሩን ገልብጠዋል።

5.
በፈጣኑ ማርሽ የወጣ ጣውላ ወደ መስኮት አጋድሜ አየሁ። መስመሮቹ የተሰለፉት በ1 ሚሊሜትር አይደለም፤ በ4 ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አራቱ ቢላዎች እኩል አልወጡም። አንዷ ፀጉር በማታክል ልዩነት ከሌሎቹ ትበልጣለች። የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ናት፤ ሦስቱ የሠሩትን ትሰርዘዋለች። 20 ሜትር ለ5,000 ሲካፈል 4 ሚሊሜትር ነው። ባለቤቱ የገዛው አራት ቢላ ነው። ለእንጨቱ የደረሰው አንድ።

እዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያችው አንድ ቢላ፣ 6 ሜትር ለ5,000 ሲካፈል 1.2 ሚሊሜትር ይመጣል። ዝግተኛው ማርሽ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የከበሮው ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በፈጣኑ የሚቀረው ሞገድ 0.04 ሚሊሜትር ይጠልቃል። በዝግተኛው 0.004 አይሞላም። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ከምናምን ነው የጨመረው። ጥልቀቱ 11 እጥፍ።

"ቢላዎቹን እኩል ማድረግ ይቻላል?" አልኩት ባለቤቱን።

"ለምን አይቻልም? ግን ግማሽ ቀን ይበላል።"

"መቼ ነው ያደረጋችሁት?"

"ማሽኑ ሲመጣ።"

6.
ሠራተኞቹ ይህን ሞገድ "ቆርቆሮ" ይሉታል። "ቆርቆሮ አድርጎታል" ሲሉ የሰማኋቸው ሁልጊዜ ስለ ሌላ ቤት ሥራ ነው።

7.
በሥራ ቤቱ ውስጥ ጣውላ የሚመረመረው በመዳፍ ነው። መብራቱ ከላይ ነው፤ ሞገድ አያሳይም። መዳፍ ሁለቴ ሄዶ ይመለሳል። "ሐር ነው!" ይባላል። ደንበኛውም መዳፉን ይሰዳል። የሰደደው ግን መስመሮቹን ተከትሎ ከዳር ዳር ነው እንጂ እየተሻገረ አይደለም።

ከጣውላው የተሠራው ቡፌ ቤት ይገባል። በመስኮት አጠገብ ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከጎን ትመጣለች።

8.
"ቫርኒሽ ይሸፍነዋል።" ይህን ያልሰማሁበት የእንጨት ሥራ ቤት የለም። ቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ሞገድ እንዴት እንደሚሸፍን የነገረኝ ግን የለም።

9.
ግድግዳው ላይ "ጥራት መለያችን ነው" ይላል። ከሥሩ የዋጋ ዝርዝር አለ። ዋጋው በሜትር ነው። የማሽኒስቱ ክፍያም በሜትር ነው። ባለቤቱ "ቀስ በል፣ ሥራ እንዳታበላሽ" ብሎት ይወጣል። ጠዋት ሲገባ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

"ትናንት ስንት ሜትር ወጣ?"

10.
3 ሜትር ጣውላ በፈጣኑ 9 ሰከንድ ይፈጃል። በዝግተኛው 30። ልዩነቱ 21 ሰከንድ ነው። አንድ ቁም ሣጥን 40 ጣውላ ቢወስድ፣ አንድ አንድ ጊዜ ቢያልፍ፣ የተረፈው ጊዜ 14 ደቂቃ ነው።

ከዚያ ጣውላው ለልጁ ይሰጣል። ልጁ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቆርቆሮውን ያጠፋል። ቀኑን ሙሉ ያጠፋል። ማታ ጣቶቹ ጫፋቸው ቀልቶ ሻይ ብርጭቆ መያዝ ያቅተዋል። ልጁ "ሙያ እየለመደ" ስለሆነ ሰዓቱ አይታሰብም። የማሽኑ ሰዓት ይታሰባል።

ቁም ሣጥኑ ካለቀ በኋላ ደንበኛውን ሲጠብቅ ወር ሊቆም ይችላል። ደንበኛው ሲያዝዝ "ሰርግ አለብን፣ ለቅዳሜ ይድረስልን" ብሎ ነበር።

11.
የደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄ፦ "መቼ ይደርሳል?" ሁለተኛ፦ "ዋጋው መጨረሻ ስንት ነው?" ሦስተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የለም። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ግን "የድሮ አናጺ የታለ!" ይባላል።

የድሮው አናጺ አለ። ጥግ ላይ ነው። ከማሽን የወጣውን ጣውላ በእጅ መላጊያ ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል። ሞገዱ ይጠፋል። ለዚህ የሚከፈለው የለም፤ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም። ወጣቶቹ ስለ እሱ ሲያወሩ "ጋሼ እጃቸው ወርቅ ነው" ይላሉ። ሥራ ሲከፋፈል ደግሞ "ለእሳቸው አትስጥ፣ ይቆያሉ" ይላሉ።

12.
አንድ ማሽኒስት "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ረዳቱን ይገሥጻል። ይህን ሲል የጣውላውን ጫፍ በሆዱ እየገፋ ነው። ሮለሩ አልስብ ብሎታል። "ማሽኑ ደክሟል" አለኝ።

ማሽኑ አልደከመም። የጥድ ሙጫ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ ጥቁር ሆኗል። ጣውላው ይጣበቃል፤ ሮለሩ ይንሸራተታል፤ ያ ቦታ ላይ ቢላው ደጋግሞ ያንኑ ይመታል። አጽድቶ ሻማ ማሸት ይበቃው ነበር። ሻማ መሳቢያው ውስጥ አለ። መብራት ሲሄድ ነው የሚወጣው።

13.
እ.ኤ.አ. በ1828 ዊልያም ዉድዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ የመላጊያ ማሽን ፓተንት አወጣ። የሚዞር ቢላ ከእሱ በፊትም ነበር። የእሱ ነገር የሚዞረውን ቢላ ጣውላውን ከሚይዝ ሮለር ጋር ማገናኘቱ ነው። መብቱ እየተራዘመ እስከ 1856 ቆየ። ብዙዎች ከፈሉ፣ ብዙዎች ተካሰሱ።

ያን ሁሉ ዓመት ያካሰሰው ሮለር በእኛ ሥራ ቤቶች ብሩሽ አይቶ አያውቅም። ስለ ቢላ የማያወራ ግን የለም።

14.
"ትናንት ነው የተሳለ።" ቢላ ሁልጊዜ የሚሳለው ትናንት ነው።

15.
ዝግታ ሁልጊዜ ጥራት የሚመስለውም አለ። ከሥልጠና የወጣ ልጅ ነው። ማርሹን አንድ ላይ አድርጎ፣ በደነዘ ቢላ፣ ወረቀት በምታህል ውፍረት ባሕር ዛፍ ይልጋል። ቢላው አይቆርጥም፤ ይፈትጋል። ጣውላው ላይ ቡናማ መስመር ወጣ። የተቃጠለ ይሸታል። ልጁ "እንጨቱ ነው" አለ። ቢላው በመፋተጉ ይበልጥ ደነዘ። በመደነዙ ይበልጥ ቀስ አለ።

አንድ ጊዜ ጣውላው መሃል ላይ እያለ ስልክ ተደወለለት። ሮለሩን አቁሞ አነሳ። ከበሮው መዞሩን አላቆመም። ያ ጥቁር ጭረት አሁን የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

16.
ሰጋቱራው በጆንያ ይሸጣል። ገዢዎቹ ዶሮ አርቢዎች ናቸው። አንዲት ሴት ትመጣለች። የጆንያውን አፍ ትፈታለች። እጇን እስከ ክርን ድረስ ታስገባለች፤ ከላይ ያለውን አታምንም። ከሥር ዘግና ታወጣለች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ታሻዋለች። ቅርፊት ከሆነ፣ ተጠቅልሎ የወጣ ከሆነ፣ ትገዛለች። ዱቄት ከሆነ ትመልሳለች። ዱቄት ዶሮ ያስነጥሳል።

ዱቄት የሚወጣው ቢላው ሲደንዝ ወይም ፍጥነቱ ከልክ በላይ ሲያንስ ነው። ሴትየዋ ስለ ማርሽ አንድ ቃል አታውቅም። "የዛሬ ሳምንቱ ይሻል ነበር፤ ምን ነካችሁ?" ትላለች። ማሽኒስቱ ይስቃል።

ጣውላውን የሚገዛው ሰው ጆንያው ውስጥ እጁን ሲያስገባ አላየሁም። ጆንያው በሩ ሥር ነው፤ ሁሉም ተሻግሮት ነው የሚገባው።

17.
ዋንዛ በእጅ ይታዘዛል። ዝግባ ወጥ ነው፤ አያስቸግርም። ጥድ ጉጥ ይበዛበታል፤ ሲቸኩሉበት ጉጡ ዳሩን ይዞ ይነሣል። የባሕር ዛፍ ጅማት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳል፤ አንዱን ሲልጉት ሌላው ይቦጨቃል። ወይራ ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ማሽኒስቱ ነው። እያንዳንዱን በስሙ፣ በሽታው፣ በጠባዩ ያውቃል።

ሁሉም የሚያልፉት በአንድ ማርሽ ነው።

18.
በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። የሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር በዋንዛ ይጀምራል። "ከገበሬ ማሳ ዳር ነው" ይባላል። ሊሆን ይችላል።

19.
አንዱ ሠራተኛ ጣውላውን እያገላበጠ ጅማቱን ያነባል። በእርሳስ ቀስት ይሠራበታል፤ በዚህ በኩል ግባ ለማለት ነው። ሌላው ተቀብሎ በተቃራኒው ያስገባል። ለምን አልኩት። "ከዚህ ጫፍ ለማሽኑ ይቀርባል።" ጣውላው ተቦጭቆ ወጣ። ቀስቱ ተልጎ ጠፍቷል።

20.
ጣውላ ሻጩ ጣውላውን በጣቱ አንኳኳ። "ድምፁን ስማ፤ ደረቅ ነው" አለ። ሲላግ ፊቱ ፀጉር አወጣ፤ እርጥብ እንጨት እንዲህ ያደርጋል። ማሽኒስቱ "ሻጩ ነው" አለ። ሻጩ "ማሽኑ ነው" አለ። ደንበኛው ሁለቱንም አመነና ከፈለ።

21.
መብራት። አካባቢው ላይ ሁሉም ማሽን የሚነሣው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጎረቤት ብየዳ ቤት አለ። በያጁ በነካ ቁጥር አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ከበሮው ያቃስታል። የዚህ ዓይነት ሞተር ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ በ19 በመቶ ይወርዳል። ማሽኒስቱ በዚያ ሰዓት ብቻ ማርሹን ወደ አንድ ይመልሳል። ለጥራት ብሎ አይደለም፤ ፊውዝ እንዳይመታ ነው። ብየዳው ሲያቆም ይመልሰዋል።

በምሳ ሰዓት በያጆቹ ይወጣሉ። መብራቱ ይረጋል። ከበሮው አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። የቀኑ ምርጥ ጣውላ ሊወጣ የሚችለው ያኔ ነው።

ማሽኒስቱም ምሳ ላይ ነው።

22.
ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ትንሽ መላጊያ አይቻለሁ። ዲዋልት 735 ነው። ባለ 3 ቢላ፣ በደቂቃ 10,000 ዙር። ሁለት ፍጥነት አለው። መመሪያው ፍጥነቱን በሜትር አይናገርም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆርጣል ብሎ ነው የሚቆጥረው፦ 96 እና 179። ባለቤቱ 179 ፈጣኑ መስሎታል። ሲያስገባበት ይጎተታል። "አሜሪካኖቹ አጋንነው ነው የሚጽፉት" አለኝ።

179 በደቂቃ 4.3 ሜትር ገደማ ነው። 96 ደግሞ 8 ሜትር። እሱ "ለጥራት" ሲፈልግ 96 ላይ ያደርጋል፤ ሲቸኩል 179 ላይ።

ማሽኑ 120 ቮልት ነው። አጠገቡ ትራንስፎርመር ተቀምጧል። ትራንስፎርመሩ ላይ የሻይ ፔርሙስ ተቀምጧል። ሞተሩ ባለ ካርቦን ስለሆነ የእኛ 50 ኸርዝ አያስቸግረውም። ካርቦን የሌለው ሞተር ከዚያ ቢመጣ፣ ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲዞር፣ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ሒሳቡ ያኔ እንደገና መሠራት አለበት። ያስገባው ሰው ግን የሚያስበው ስለ ሶኬቱ ነው።

23.
አዲሱ ዓይነት ከበሮ ረዣዥም ቢላ የለውም። ትናንሽ አራት ማዕዘን ካርባይድ ጥርሶች ተጠምዝዘው ተሰልፈውበታል። ጥርሱ አራት ስለት አለው፤ አንዱ ሲደንዝ ፈትቶ ማዞር ነው። ጩኸቱም በጣም ይቀንሳል። አንድ ቤት ገዝቶ አስገባ።

ደንበኛ መጥቶ ቆመ። "ድምፅ የለውም፤ ይሠራል?" አለ። ጣውላውን ይዞ ወደሚጮኸው ጎረቤት ሄደ።

ጥርሶቹ እስካሁን አልዞሩም። መፍቻው ጠፍቷል።

24.
አጫጭር ነገሮች፦

ከጣውላው ጫፍ ላይ ማሽኑ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ይበላል፤ ጣውላው አንዱን ሮለር ሲለቅ ስለሚነሣ ነው። መፍትሔው ከላጉ በኋላ መቁረጥ ነው። ደንበኛው አስቀድሞ በልኩ አስቆርጦ ይመጣል፤ "ለመሸከም እንዲመች።"

በሁለቱ ሮለሮች መካከል ካለው ርቀት ያጠረ እንጨት አይገባም፤ ውስጥ ይቀራል፣ ሊወረወርም ይችላል። "አጭር አንቀበልም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለዘመድ ይቀበላሉ።

"ከጣውላው ኋላ አትቁም፤ ሊመታህ ይችላል" አለኝ። ከጣውላው ኋላ ቆሞ ነው።

የጆሮ መከላከያው አንገቱ ላይ ነው። ጆሮው ውስጥ የስልክ ማዳመጫ አለ።

የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 መድቦታል። ጭምብሉ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በውስጥ በኩልም አቧራ ይዟል።

25.
ባለቤቱ ለራሱ ቤት በር ሲሠራ አየሁት። ማርሹ አንድ ላይ ነበር። መጀመሪያ 1 ሚሊሜትር አነሣ። ከዚያ ግማሽ። ጣውላውን ባስገባ ቁጥር ጫፉን በሁለት እጁ ደግፎ አብሮት ሄደ። ቢላው በእውነት ትናንት የተሳለ ነበር። ብየዳ ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። በመጨረሻም ጋሼን ጠራቸው፤ በእጅ መላጊያ ጨረሱለት።

"ለደንበኛስ?" አልኩት።

"ደንበኛ መቼ ታግሦ ነው!"

ጋሼ ሰምተው ምንም አላሉም። መላጊያቸውን አራግፈው ጥግ ወዳለው ቦታቸው ተመለሱ። ስለዚያ በር ተከፍሏቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

26.
እንጨት ልታስልጉ ከሄዳችሁ "ቀስ አድርገህ" አትበሉ፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል። የመጀመሪያውን ጣውላ ተቀበሉ። የእርሳስን ጎን አስተኝታችሁ በርዝመቱ በስሱ አሹት፤ የሞገዱ ጫፍ ጫፍ ይጠቁራል። 3 ሴንቲሜትር ለኩና መስመሮቹን ቁጠሩ። ከ20 እስከ 30 ከሆኑ ለቤት ዕቃ ይሆናል። 7 ወይም 8 ብቻ ከሆኑ፣ የቀሩት ጣውላዎች ሳይገቡ ማሽኑን አስቁሙ፤ ማርሹ እናንተ ፊት ይቀየር። የ21 ሰከንዱን ልዩነት ክፈሉት። ይገባዋል።